ስምን መልአክ ያወጣዋል?

ጎረቤቴ ለልጇ «ሌይላኒ» የሚለውን የሃዋይ ስም መርጣለች፤ «የሰማይ አበባ ጉንጉን» እንደማለት ነው። በአሜሪካ ከተወዳጆቹ መቶ የሴት ስሞች አንዱ ሆኗል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ብላ ልታሳምነኝ ሞከረች። ሃዋያውያንም በሕልም የታየ ስም ካልወጣለት ልጁ ይታመማል ይሉ ነበር።

እኔ ግን የመጨረሻዋን ንግሥታቸውን ሊሊኡኦካላኒን አነሳሁባት። እ.ኤ.አ. በ1838 ስትወለድ ስም አውጪዋ ልዕልት ኪናኡ ዓይኗን ታማ ስለነበር ሕፃኗን በራሷ ሕመም ሰየመቻት፦ «ሊሊኡ»፣ የሚያቃጥል። በ1893 ዙፋኗን ሲቀሟት ስሟ ትንቢት ይመስል ነበር። ሆኖም በ1895 ታስራ እንኳ ዜማ ትደርስ ነበር። ስሙን መልአክ ያውጣው ወይም የታመመች ልዕልት ታውጣው፣ ዜማውን የደረሰችው እሷ ናት። ለሌይላኒም የምመኘው ይህንኑ ነው።