መሐላውን ቀድሞ የፈታው ማን ነው?

ታማኝነት በቃል መጽናት ነው ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አስቸጋሪው ጉዳይ የሚመጣው ቃሉን የተቀበለው ወገን የራሱን ድርሻ ሲያጓድል ነው። ጌታው የጣለው ሎሌ ጌታውን ቢተው ከዳ ይባላል? መንግሥቱ የሸሸበት ሕዝብ ሌላ ጠባቂ ቢፈልግስ? መልሱ የሚወሰነው መሐላ ምንን እንደሚያስርና ማንን እንደሚያስር በሚሰጠው ትርጓሜ ነው።

ይህን ጥያቄ ከቅርብ ዘመን ሥነ ጥበብ አብዝቶ ያነሣው የደቡብ ኮሪያ የወንበዴ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የክዋክ ክዩንግ ቴክ “ጓደኛ” በቡሳን አብረው ያደጉ አራት ልጆችን ያሳያል። ከአራቱ ሁለቱ ሲያድጉ በተቀናቃኝ ቡድኖች ውስጥ ይገባሉ፤ አንዱ መንገድ ላይ በስለት ተወግቶ ይሞታል፤ ሌላው ችሎት ቆሞ ግድያውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ ብሎ ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የኪም ጂ ዉን “መራር ጣፋጭ ሕይወት” ለአለቃው ሰባት ዓመት ያገለገለ ሰው የአለቃውን ወዳጅ እንዲጠብቅ፣ ሌላ ወንድ ከያዘችም እንዲገድል ይታዘዛል። ይምራታል። ለዚህች አንዲት ምሕረት ከነሕይወቱ ይቀበራል፤ ከጉድጓድ ወጥቶ ሲመለስም አለቃውን የሚጠይቀው ለምን እንዲህ እንዳደረገበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የፓርክ ሁን ጁንግ “አዲስ ዓለም” ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። በወንበዴዎች መካከል የተተከለው ሰላይ ፖሊስ ዓመታት ሙሉ እንዲወጣ ቃል ሲገባለት ይኖራል፤ ፖሊስ አለቃው ግን አይለቀውም። ማንነቱን የደረሰበት ወንበዴ ግን ወንድሜ እያለ ይደብቅለታል። በመጨረሻ ሰላዩ ሕግን ትቶ ወንበዴውን ይመርጣል።

በኋለኞቹ ሁለት ፊልሞች ክህደት ከላይ ይጀምራል። ታናሹ የሚከዳው ታላቁ ቀድሞ ስለከዳው ነው። ይህ ደግሞ ከወንጀለኞች መንደር የተፈለሰፈ ሐሳብ አይደለም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው የኮንፊሽየስ ትምህርት ተከታይ መንሲየስ፣ ንጉሥ ሎሌዎቹን እንደ አፈር ከቆጠራቸው እነሱም እንደ ጠላት ቢያዩት እንደማይደንቅ አስተምሯል። የኮሪያ ባህል በዚህ ትምህርት ለመቶዎች ዓመታት የተቀረጸ ስለሆነ የፊልሞቹ ተመልካች ዳኝነቱን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

በወለጋ ከተሞች ታሪክ ውስጥ ይህ ጥያቄ ያለ ካሜራ ተነሥቷል፤ እዚያ ግን እንደ ፊልሞቹ ንጹሕ ሆኖ አልቀረበም።

የአገሩ ሰው መሐላን እንደ ተራ ውል አያየውም። በኦሮሞ ባህል ካኩ የሚባለው መሐላ በዋቃ፣ በአምላክ ፊት የሚፈጸም ነው፤ የሚያፈርሰው ሰው ጉዳትን በራሱና በዘሩ ላይ እንደጠራ ይቆጠራል። ሳፉ የሚባለው የነውርና የክብር ሥርዓት ደግሞ ያልተማለበትን ግዴታ ጭምር ያስራል፤ ታላቅና ታናሽ፣ እንግዳና ባለቤት፣ ሰውና ምድር እርስ በርስ የሚፈሩት ልክ አለ። በሌላ ወገን ኦርቶዶክሳዊው ምእመን ረቡዕን የሚጾመው አይሁድ በክርስቶስ ላይ የመከሩበት ቀን ነው ብሎ ነው። በሰሙነ ሕማማት ተሳስሞ ሰላም የማይባለውም በይሁዳ መሳም ምክንያት ነው። ክህደት የሳምንት መታሰቢያና የአካል ልማድ እስከመሆን የደረሰበት ማኅበረሰብ ጥቂት ነው።

ከሁለቱም ሌላ የጡት ልጅነት አለ። ደካማው ብርቱውን አባት ያደርጋል፤ በማር የተቀባ ጣት ወይም ጡት ይጠባና ልጅ ይሆናል። አባቱ ይጠብቀዋል፣ ይሟገትለታል፤ ልጁም በጦርነትና በሥራ ይቆምለታል። የኮሪያ ወንበዴዎች ባዕድ የሆነውን አለቃ ታላቅ ወንድም የሚሉበት ምክንያትም ይኸው ነው፦ ሥጋ ያልሰጠውን ዝምድና ቃል ይሰጠዋል። ዋናው ነጥብ ግን ግንኙነቱ ሁለት ጫፍ ያለው መሆኑ ነው። ልጁን የጣለ የጡት አባት የአባትነቱን መብት ይዞ መቀጠል አይችልም።

የነቀምቴ ገዥዎች ከሸዋ ጋር የተሳሰሩት በዚህ ዓይነት ሁለት ጫፍ ባለው ስምምነት ነበር። ቀደም ሲል ለጎጃም ይገብር የነበረው የሌቃው ሞረዳ በከሬ፣ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የምኒልክ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ካሸነፈ በኋላ፣ በራስ ጎበና በኩል ለምኒልክ ገባ። ግብሩን በወርቅና በዝሆን ጥርስ ይከፍላል፤ አገሩን ግን ራሱ ያስተዳድራል። ልጁ ኩምሳ ክርስትና ተነሥቶ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ ደጃዝማችነትም አገኘ፤ ስምምነቱንም በጥንቃቄ ጠበቀ። ዛሬ ሙዚየም የሆነው የነቀምቴው ቤተ መንግሥት የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። በደምቢ ዶሎ በኩል ያለው የሌቃ ቄለሙ ጆቴ ቱሉ ተመሳሳይ መንገድ ቢጀምርም ሥልጣኑን አጥቷል። እንግዲህ ታማኝነት ለሁሉም እኩል አልከፈለም።

ከኩምሳ በኋላ የመጣው ልጁ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም የወረሰው ስምምነት እየተሸረሸረ ነበር። ማዕከላዊው መንግሥት በግብርና በአስተዳደር እየገባ የሌቃን የራስ አስተዳደር ቀነሰው። ከዚያ ኢጣልያ የወረረችበት 1928 ዓ.ም. መጣ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ በጎሬ ራስ እምሩ የሚመሩት መንግሥት ተቋቋመ፤ ከግንባር የተመለሰ የተበታተነ ሠራዊትም በምዕራቡ ገጠር ፈሰሰ። በዚህ ጊዜ ሀብተ ማርያምና ሌሎች የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች በጎሬ ባለው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል አገሩ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር እንዲሆን ለመንግሥታቱ ማኅበር አመለከቱ። ማመልከቻቸውን እንግሊዝ አልተቀበለችውም።

በዚያው ወራት፣ በዚያችው ነቀምቴ፣ ሌላ መሐላ ተማለ። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የተረፉ ዕጩ መኮንኖችና በውጭ የተማሩ ወጣቶች የጥቁር አንበሳን ድርጅት መሠረቱ። ሊቀ መንበራቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነ ነበሩ፤ የወለጋው ተወላጅ ይልማ ደሬሳም አባል ነበሩ። ዐሥር ነጥብ ያለው ደንባቸው ወታደራዊው ክፍል ለፖለቲካው እንዲታዘዝ፣ ገበሬና ምርኮኛ እንዳይበደል፣ አባል በጠላት ከመያዝ ራሱን እንዲገድል፣ ወደ ውጭ አገርም እንዳይሰደድ ያዛል። ለንጉሠ ነገሥቱም ታማኝነትን ያረጋግጣል። እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ቆም ማለት አለበት፦ ስደትን የሚከለክለው ደንብ ለተሰደደ ንጉሥ ታማኝነትን ይምላል። ወጣቶቹ ይህ አልታያቸውም ለማለት ይከብዳል። የበለጠ አሳማኝ የሚሆነው መሐላቸውን ከሰውየው አንሥተው በአገሩ ላይ እንዳሳረፉት፣ የንጉሡን ስም ግን እንደ ማሰሪያ እንደያዙት ማሰብ ነው።

ሁለቱ ታማኝነቶች ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌሊት ከነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ላይ ተጋጠሙ። የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከአካባቢው ገዥ ከሀብተ ማርያም ጋር ለመገናኘትና ምዕራቡን በሰላም ለመያዝ አርፈው ነበር። የጥቁር አንበሳ ሰዎች ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮንና ታዋቂውን አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊን ጨምሮ ተሳፋሪዎቹን ገደሉ። ከአውሮፕላኖቹ ርቆ የነበረው ቄስ ቦሬሎ ተረፈ። ኢጣልያ በበቀል ነቀምቴን በቦምብ ደበደበች፤ በኋላም ከተማዋን ያዘች። የመሐላ ጉዳይ በቤተ መንግሥትና በድርጅት መካከል ቢሆንም ቦምቡ የወረደው ግን በገበያተኛውም ላይ ነው።

በኋላ የተጻፈው ታሪክ ፍርዱን በችኮላ ሰጠ፤ አንዱን ወገን አርበኛ፣ ሌላውን ከዳተኛ አለው። ፍርዱ በከፊል ልክ ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ድርጊቶችን አንድ ያደርጋል። ለመንግሥታቱ ማኅበር የቀረበው ማመልከቻ በግልጽ የቀረበ ነው፤ የሌቃ ቤት የገባው ቃል ደግሞ ለምኒልክ መንግሥት ነው፤ መንግሥቱም ጥበቃውን መስጠት አቅቶት ነበር። ስምምነቱ ሁለት ጫፍ ካለው ሀብተ ማርያም አንዱ ጫፍ ሲለቀቅ ሌላውን ማየቱ በራሱ ክህደት አይባልም። ወራሪውን በሥውር መጋበዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ድርጊት የሚነካው የሸሸውን ጌታ ብቻ አይደለም፤ ገና እየተዋጋ ያለውን፣ በሌቃ መሬት ላይ የተጠለለውንና የአገሩን ሰው ምግብ የሚበላውን ወጣት ነው። በሳፉም መለኪያ ቢሆን እንግዳን አሳልፎ መስጠት ከባድ ነው።

ስለዚህ ክህደትን ከመለያየት የሚለየው ግንኙነቱ መቋረጡ አይደለም። የሚለየው ድብቅነቱና በእምነት የተጠጋውን ሰው መጉዳቱ ነው። ጴጥሮስም ይሁዳም በአንድ ሌሊት ወድቀዋል፤ ነገር ግን ጴጥሮስ በፍርሃት ካደ፣ ይሁዳ ግን የወዳጅነትን ምልክት የማጋለጫ መሣሪያ አደረገ። የ“አዲስ ዓለም” ፖሊስ አለቃም የሚኮነነው ሰላይ በማሠማራቱ አይደለም፤ የሰውን ሕይወት በቃል እየጎተተ ላለመመለስ በማቀዱ ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆሳያ ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተመው መጽሐፉ ታማኝነትን የሥነ ምግባር ሁሉ ሥር አድርጎ፣ ከሁሉ በላይ ለታማኝነት ራሱ ታማኝ መሆን ይገባል ብሎ ነበር፤ ማለትም የሌላውን ታማኝነት የሚያጠፋ ዓላማ አይያዝ። መለኪያው ለወንበዴ ቡድን ይጠቅማል፤ የአንዱ ቡድን መተማመን የሚቆመው ሌላውን በማጥፋት ነውና። ለነቀምቴ ግን አልበቃም። የጥቁር አንበሳ ታማኝነትና የሌቃ ባላባት ለአገሩ ሰው ያለው ታማኝነት ሁለቱም በሌላው ላይ ሳይነሡ ሊኖሩ ይችሉ ነበር፤ የተላለቁት ጦርነቱ መሃል ስለገባ ነው። ጥቁር አንበሶችም ቢሆኑ ከራሳቸው ደንብ ጋር መግባባት አልቻሉም። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ይመሯቸው የነበሩት ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ ከድርጅቱ አባላት ብዙዎቹ ተገደሉ።

ከአርባ ዓመት በኋላ ጥያቄው በሌላ መልክ ተመለሰ። በወለጋ ቦጂ የተወለዱትና በነቀምቴ የተማሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። የደርግ መንግሥት ከቤተ ክርስቲያኒቱ የፈለገው ዝምታን ብቻ ሳይሆን በውጭ አገር የሚመሰክርለት አፍም ነበር። ቄሱ አልተስማሙም። ታስረው ሲፈቱ በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ በኩል ከአገር እንዲወጡ መንገድ እንደተመቻቸላቸው ይታወቃል፤ እሳቸው ግን ምእመናኑን ትተው መሄድን እንቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

በዚህ ላይ አንድ መከራከሪያ ይነሣል፤ ሊታለፍም አይገባም። ባለቤታቸው ጸሐይ ቶሎሳ ታስረው ዐሥር ዓመት ያህል በእስር ቤት ቆዩ፤ ልጆቻቸውም ያለ አባት አደጉ። እነሱ ለመንጋው አልማሉም። እረኛ ለመንጋው ያለው ታማኝነት ለቤተሰቡ ያለውን ግዴታ ሊወስድ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ካኩም የቤተ ክርስቲያን ግዝትም በግልጽ የሚመልሱት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሰማዕታቱን ሲያከብር የቀሩትን ሰዎች ስም በዝርዝር አይመዘግብም። የኮሪያ ፊልሞችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ቤተሰብ በዳር ይቀመጣል፤ ሂሳቡ የሚዘጋው በወንዶቹ መካከል ነው።