በእግራችሁ አታሳብቡ

ልጆቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጃን ሜዳ ያየሁትን ሳልናገር ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል። የተማሪዎች ሩጫ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ሦስት ልጆች ከመነሻው መስመር ወጥተው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አንዱ ጉልበቴን አለ፣ አንዷ ቁርጭምጭሚቴን፣ ሦስተኛው ሆዴን። ከቀትር በኋላ ሦስቱም እዚያው ኳስ ሲያባርሩ አየኋቸው።

መፍራታችሁን አልነቅፍም፤ ያስቆጣኝ ውሸቱ ነው። ያውም በጥምቀት ታቦት በሚያድርበት ሜዳ ላይ! ልብ መደለቁ፣ መዳፍ ማላቡ በሽታ አይደለም። ሰውነት ለትግል ሲሰናዳ አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ወደ ጡንቻ ያደላል፤ ሆድ የሚገለባበጠውም ለዚህ ነው። መላ አለው። ቀደም ብላችሁ ድረሱና ሰውነታችሁን አሟሙቁ። አየር በአፍንጫ ስባችሁ፣ ከሳባችሁበት አስረዝማችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ስለ ደረጃ ሳይሆን ስለ መጀመሪያው ዙር ብቻ አስቡ። ሌሊቱን ስልክ ላይ አፍጥጣችሁ የሌላውን ሰዓት ስትቆጥሩ አትደሩ።

“አሞኛል” ብሎ መቀመጥ ግን መላ አይደለም። በሸሻችሁ ጊዜ እፎይ ትላላችሁ፤ ጉዱ ያ እፎይታ ነው። ሰውነት መሸሽን ይለምዳል፣ በሚቀጥለው ውድድር ፍርሃቱ አድጎ ይጠብቃችኋል። ደግሞም ከእናንተ በኋላ የምር የተጎዳ ልጅ ሲመጣ አሰልጣኙ አያምነውም። የእሱ ጉዳት በማን አንገት ነው?

እኔም በእናንተ ዕድሜ ዋሽቻለሁ። የአውራጃ ውድድር ነበር። እናቴ በሶ በጥብጣ አጠጥታ፣ መርቃ ሸኝታኛለች። ሜዳው ላይ ያን ሁሉ ሰው ሳይ ጉልበቴ ከዳኝና ለስፖርት መምህሬ “ቁርጭምጭሚቴን ወለም አለኝ” አልኳቸው። በርከክ ብለው ዳሰሱት። እብጠት የለም። ቀና ብለው አዩኝ፤ አንድ ቃል ሳይናገሩ በፋሻ ጠቀለሉልኝ። ማታ ያን ፋሻ ስፈታ አለቀስኩ። መምህሬ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ስለዚህ “ጋሼ አይገባቸውም” እንዳትሉኝ። ትዕግሥትን ከሯጩ ምሩጽ ይፍጠር ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የ5,000 ሜትር ማጣሪያው አመለጠው። በ1976 አገሩ ከሞንትሪያል ቀረች። ስምንት ዓመት ጠብቆ በ1980 ሞስኮ ላይ የ5,000ውንም የ10,000ውንም ወርቅ ወሰደ። እናንተ አንድ ጠዋት መታገሥ አቃታችሁ? “እግዚአብሔር ካልፈቀደስ” የምትለኝም ልጅ አለች። መሠረት ደፋር እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ በ5,000 ሜትር ስታሸንፍ የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ አወጣች። ጸሎቷን ይዛ ሮጠች እንጂ በጸሎት አሳብባ አልተቀመጠችም።

ወላጆችም ከዳር ሆናችሁ መጮኹን ተዉት። ጭንቀቱ ከውድድር አልፎ እንቅልፍና ምግብ የነሳው ልጅ ካለ ለቤተሰቡ ይንገር፣ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የምር ያመመውም እንዲሁ። ያላመመው ግን እግሩን አይዋሽበት።

በሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት እዚያው ጃን ሜዳ እገኛለሁ። የፈራ ቀጥ ብሎ መጥቶ “ጋሼ፣ ፈርቻለሁ” ይበለኝ። አብረን እናሟሙቃለን።