ፎቴና ሐዘን

በ2018 ሙሉ ሥሪቱ የወጣውን ሪምወርልድ ለተጫወታችሁ አዲስ ነገር አልነግራችሁም። ሰፋሪው ጠረጴዛ አጥቶ ከበላ ሙዱ 3 ይቀንሳል። ወንድሙ ሲሞትበትም ይቀንሳል፤ ቁጥሩ ይበልጣል እንጂ ስሌቱ ያው ነው። ከዚያ ጥሩ ፎቴ ትሠሩለታላችሁ፣ በባለሙያ እጅ ከሆነማ የበለጠ ይደላዋል፣ ምቾቱ ይደመርለታል። ሙዱ ከ35 በመቶ በታች ካልወረደ አብዛኛው ሰፋሪ አእምሮው አይናወጥም። ወደ እርሻው ይመለሳል።

ኮድ ስለምጽፍ ለምን እንዲህ እንደተሠራ ይገባኛል። ሁሉም ስሜት ወደ አንድ ቁጥር ካልመጣ ፕሮግራሙ ሰውየው መቼ እንደመረረው በምን ያውቃል? (ወገቡን እያመመው ደግ የሚሆን ሰውም ብዙ አላየሁም፤ ይሄን ጌሙ በደንብ ይዞታል።) የሚከነክነኝ መደመሩ ነው። ወንበር ሐዘንን ይቀንሳል ወይስ ሐዘኑን መሸከሚያ ጉልበት ይሰጣል? ለኮዱ ሁለቱም ያው ፕላስ ናቸው። ለሰውስ?

የእኛን ለቅሶ ቤት አስቡት። እድሩ ድንኳንና አግዳሚ ያመጣል፣ ለቀስተኛው እንዲቀመጥ። ሐዘንተኛዋ ግን ፎቴው እያለ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ትቀመጣለች። በሪምወርልድ ሒሳብ ይሄ ኪሳራ ነው፣ በሐዘን ላይ የምቾት ቅናሽ። እሷን ግን "ተነሺ፣ እዚህ ይሻልሻል" ብትሏት ትቀየማችኋለች፤ የሚሻላትን አጥታው አይደለም። ልታዝንለት ትፈልጋለች። ጌሙ ውስጥ ማዘን የሚፈልግ ሰፋሪ የለም። የሞተው ወንድም ዝርዝሩ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ይቆይና ይሰረዛል፣ ፎቴው እዚያው ነው።