ዝምታው ለማን ነው?

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ጉዳት የደረሰበት ሰው የዕለት ኑሮውን ራሱ እንዲመራ የሚያበቃ ሙያ ነው። በአሜሪካ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሙያው መግቢያ ቢያንስ የማስትሬት ዲግሪ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው አናቶሚና ሳይኮሎጂ ያጠናል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ባለሙያ ሲሠራ ቆሞ ያየበትን ሰዓት ይጠይቁታል።

እስቲ እናስብ። ስትሮክ የመታው ሰው ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር ሲታገል ተማሪው ዘሎ ቢቆልፍለት ደግ ሥራ ነው? ለዛሬስ ይሁን፤ ነገ ጧት ማን ሊቆልፍለት ነው? ችኩል ርኅራኄ አቅም ይቀማል።

ታዲያ እጅን አጣምሮ ማየት ይበቃል? እሱም አይደለም። ዝምታው ለሰውየው ከሆነ ትዕግሥት ነው፤ ለሰዓት መሙያ ከሆነ ግን በሰው ጭንቅ መነገድ ነው። ፎርሙ ስንት ሰዓት እንደቆምን እንጂ ለማን እንደታገሥን አይጠይቅም። ያንን ራሳችንን መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።