የፍየሏ ክፉ አመል

ከቱርሚ ወጣ ብሎ፣ በካስኬ ወንዝ ዳር፣ ብዙ ፍየሎች ያሉት አንድ ሐመር ጎልማሳ ነበር አሉ። ማሽላው በተሰበሰበ ጊዜ አገዳውን ከመረና «ዘንድሮስ በጋው አያሳስበኝም» አለ።

ፍየሎቹ ግን ከክምሩ ስር እየዋሉም ከሱ። አንዷማ ጭራሽ ባሰባት፤ የደረቀ አጥንት ታኝካለች፣ አፈር ትልሳለች፣ የሴቶቹን የቆዳ ቀሚስ ጫፍ ትጎትታለች። ቢያስራት ጠፍሩን በላች። ቢመታት ዱላው ላይ የደረቀውን የእጁን ላብ ላሰች። «ይቺስ አመሏ ክፉ ነው» ብሎ ሰኞ ለቱርሚ ገበያ አወጣት።

አንዲት አሮጊት ዋጋዋን ጠየቁ። ጎልማሳው ነውር የማይደብቅ ሰው ነበርና «እናቴ፣ አጥንት ትበላለች» አላቸው። ፍየሏ መዳፋቸውን እየላሰች ነበር፤ እሳቸውም ምንም ሳይሉ ከፍለው ወሰዷት።

እሳቸውም ቤት ያለው መኖ ያው የማሽላ አገዳ ነው። ግን ከታትፈው የጨው ውሃ አርከፈከፉበት። አገዳ ሆድ ቢሞላም ሥጋና ወተት አይሆንምና ከግራር ስር የረገፈውን ፍሬ ወቅጠው ጨመሩበት። የወዳደቀ አጥንት ለቅመው ነጭ እስኪሆን አቃጠሉ፤ ፈጭተው ከጨው ጋር ቀላቅለው እንድትልሰው አስቀመጡላት። ከታጨደው ጉቶ ላይ የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ማሽላ ብቻ አላስነኳትም፤ መርዙ ፍየል ይገድላል።

ዝናቡ መጥቶ ከሄደ በኋላ ጎልማሳው በዚያ ሲያልፍ ፍየሏ መንታ ግልገሎቿን ስታጠባ አየ። አጥንት አጠገቧ ወድቋል፤ ዞር ብላም አላየችው።

«እናቴ፣ በምን ዓይነት ዱላ ነው አመሏን ያስጣሏት?»

«ዱላማ አንተ ጋር መች ጠፋ፣ ልጄ!» አሉት። «አንተ የምትበላውን አየህ እንጂ የጎደላትን አልጠየቅክም። አጥንት ውስጥ ያለው፣ አገዳህ ውስጥ የለም። በገዛ አፏ ስትነግርህ አመል አልከው።»

«ታዲያ ብዙ አላስወጣዎትም?»

«አገዳዬ ካንተ ያንሳል። አጥንቱም ያንተው ደጅ ላይ ሞልቷል። የገዛሁት ጨው ብቻ ነው።»

አፈር የሚቅም ልጅም፣ ነጋ ጠባ የሚያጉረመርም ሠራተኛም «አመለኛ» ለመባል ቅርብ ናቸው። ከመፍረድ በፊት ግን «ምን ጎድሎበት ይሆን?» ማለት ይገባል። ይህን ለመጠየቅ ከሁሉም የሚዘገየው ባለ ክምሩ ነው፤ የራሱ ክምር ይጋርደዋል።