ፍርድ ፊት አይቶ አያዳላም

አንባቢ ሆይ፤ በበደሉ የተፈረደበት ሰው ሕግን ሊጠብቅ ይገባዋልን? እርሱስ ሲበደል ዳኛ ሊሰማው ይገባልን?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1788 እንግሊዞች እስረኞቻቸውን በመርከብ ወስደው በአውስትራሊያ ምድር በሲድኒ አሰፈሩ። በዚያው ዓመት ሄንሪ ኬብልና ሚስቱ ሱዛና የሚባሉ እስረኞች ዕቃችን በመርከብ ላይ ጠፋ ብለው የመርከቡን አለቃ ከሰሱ። በአገራቸው ሕግ፥ ሞት ተፈርዶበት በምሕረት የተረፈ እስረኛ ሊከስ አይችልም ነበር፤ ዳኞቹ ግን ነገራቸውን ሰምተው 15 ፓውንድ ይከፈላቸው ብለው ፈረዱ።

በ1789 ደግሞ ሌብነት ስለ በዛ፥ አገረ ገዢው አርተር ፊሊፕ ጠባያቸው የተሻለ 12 እስረኞች መርጦ የሌሊት ዘበኞች አደረጋቸው። ሌብነቱም ቀነሰ። ነገር ግን ዘበኞቹ በሌሊት ያገኙትን ወታደር በያዙ ጊዜ፥ የወታደሮቹ አዛዥ ሮበርት ሮስ እንደ ስድብ ቈጠረው። ገዢውም፥ ወታደር በሁከት ወይም በወንጀል ላይ ካልተገኘ አይያዝ ሲል ትእዛዙን አላላ። ሆኖም በዚያው ዓመት በመጋቢት 6 ወታደሮች ከመንግሥት ጎተራ ሰርቀው በስቅላት ተቀጥተው ነበር። እንግዲህ ልብስ የጠባይ ምስክር አይደለም፤ ሰንሰለትም እውነትን ሐሰት አያደርግም።

አባቶቻችን፥ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። የኬብል ጥቅል ለከተማው ታላቅ ነገር አልነበረም፤ ፍርዱ ግን ታላቅ ነበር።

ወዳጄ ሆይ፤ አንተም በቤትህና በሥራህ ዳኛ ነህ። አገልጋይህ ከሳሽ፥ ወዳጅህም ተከሳሽ ሆነው በፊትህ ሲቆሙ፥ አስቀድመህ ነገሩን መርምር እንጂ ሰውየው ማን እንደ ሆነ አትመልከት።