ሕፃን ልጅም መንገደኛ ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



መንገድ ሰውን እንደሚያደክም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ጉዞ የስቃይ ክፋይ መሆኑን፣ መንገደኛውን እንቅልፉን፣ ምግቡንና መጠጡን እንደሚነሳው፣ ጉዳዩን የፈጸመም ፈጥኖ ወደ ቤተሰቡ ይመለስ ዘንድ አስተምረዋል። አላህ (ሱ.ወ.) የባሪያውን ድካም ያውቃልና ለመንገደኛ ማቅለያ ሰጥቶታል። ዙህር፣ ዐስርና ዒሻእ ከአራት ወደ ሁለት ረከዓ ያጥራሉ፤ የረመዳን ጾምም ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ታዲያ ለጎልማሳው ይህን ያህል ከታሰበለት፣ ለአራት ዓመቱ ሕፃን እንዴት አይታሰብለትም?

በ2010 ዓ.ም. የአራት ዓመት ልጄን ይዤ እናቴን ለመዘየር ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በአውቶቡስ ተጉዤ ነበር። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ ሹራብ ደርበው ያለበሱት ልጅ መተሐራ ሲደርስ በሙቀት ይዝላል። አዋሽንና ሚኤሶን አልፎ የጨርጨርን ተራሮች መውጣት ሲጀመር ደግሞ ጠመዝማዛው ያጥወለውለዋል።

ሚኤሶን እንዳለፍን የአንዲት እናት ልጅ ሽንት ወጥሮት ያለቅስ ጀመር። እናቲቱ ሾፌሩን እንዲያቆም ለመነችው። "ትንሽ ይታገስ" አላት። አንድ ሽማግሌና እኔ ብንናገርም ሰሚ አላገኘንም። እንዲያውም "ልጅ ይዞ መንገድ ምን ያስወጣል?" ያለ አልጠፋም። ልጁ ልብሱ ላይ ለቀቀው፤ እናቲቱም በሐፍረት አንገቷን ደፋች። ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ስንደርስ ግን ያው ተሳፋሪ ለዙህር ሰላት "አቁምልን!" ብሎ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ መኪናውም ቆመ።

ለሰላት መጮኹ ተገቢ ነው፤ ማሻአላህ። ጥያቄዬ፣ ያ ድምፅ ለሕፃኑ የት ሄዶ ነበር? የሚል ነው። ሰላትን ያስተማሩን ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) አስረዝመው ሊሰግዱ አስበው ከገቡ በኋላ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ፣ ለእናቲቱ ጭንቀት አዝነው ሰላቱን ያሳጥሩ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ኡማማንም ተሸክመው ሰግደዋል፤ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲቆሙ ያነሷታል። ለሕፃን ለቅሶ ሰላት ካጠረ፣ አውቶቡስ አምስት ደቂቃ ቢቆም ምን ይከብዳል?

"ልጅ ይዞ መንገድ ምን ያስወጣል?" ለሚለውም መልስ አለ። ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ረውሃእ በተባለው ስፍራ አንዲት ሴት ሕፃኗን ከፍ አድርጋ፣ ለዚህ ልጅ ሐጅ ይኖረው እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቀቻቸው። ለልጁ ሐጅ እንዳለው፣ ለእሷም ምንዳ እንዳላት ነገሯት። ለምን ይዘሽው ወጣሽ አላሏትም። ልጅን አያቱ ዘንድ ማድረስም ዝምድናን መቀጠል ነውና ምንዳ ያለበት ጉዞ ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጅ በእጃችን ያለ የአላህ አማና ነው። አቅም ካለን የራሱን ወንበር እንግዛለት። በግል መኪና የምንሄድም ልጅን ከፊት ወንበር ጭናችን ላይ አናስቀምጥ። ፍሬን በድንገት ሲያዝ የአባት ክንድ ልጁን አያስቀረውም፤ ከኋላ ለዕድሜው በሚሆን መቀመጫ ይታሰር። ውሃ፣ ቅያሪ ልብስና ለሚያስታውከው ፌስታል እንያዝ። በየሁለት ሰዓቱም ወርዶ እግሩን ያፍታታ።

ደግሞም አንዋሸው። "አባዬ፣ ደረስን?" ሲል ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር እየቀረን "አዎ፣ ደረስን" እንላለን። ሲያለቅስም "ጅብ መጣልህ" እያልን እናስፈራራዋለን። አንዲት እናት ልጇን "ና፣ ልስጥህ" ብላ ስትጠራው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር መሆኑን ስትነግራቸው፣ ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባት እንደነበር አስገንዝበዋታል። ለልጅ የሚነገር ውሸትም ውሸት ነው። ይልቅስ "ገና ነው፤ ከተራራው ጀርባ ምሳ እንበላለን" ብንለው እውነትንም ትዕግሥትንም ይማራል።

ሾፌር ወንድሜ! አንተም በመሪህ ላይ የብዙ ሰው አማና ይዘሃል። ከኋላህ የሚያለቅሰው ሕፃን ሌላ መኪና የለውም፤ ያለው አንተ ነህ።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላስታውስ። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ዱዓቸው ከማይመለስባቸው ሰዎች ውስጥ የተበደለ ሰው፣ መንገደኛና ወላጅ ይገኙበታል። ልጁን ይዞ የሚጓዝ ሰው ከእነዚህ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አግኝቷል፤ መንገደኛም ወላጅም ነው። ያን ረጅም መንገድ በቁጣና በእርግማን አያባክነው፤ ልጁ እየሰማው ዱዓእ ያድርግለት።

አላህ (ሱ.ወ.) ለትናንሾቻችን የምናዝን፣ መንገዳችንንም በሰላም የምንፈጽም ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።